ሎጁ ተመረቀ፤ መንገዱስ?

ከፌርፋክስ በ66 አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ አንድ ሰዓት ገደማ የነዳ ሰው ሸናንዶዋ ተራራ ይደርሳል። ቅጠሉ ሲቀላ ወገኖቻችን ቤተሰባቸውን ይዘው ይጎርፉበታል። ትልቁ ጫፉ ግን 1,235 ሜትር ገደማ ነው። የሰሜን ተራሮች መግቢያ የሆነችው ደባርቅ ከተማ እንኳ ከዚያ ከእጥፍ በላይ ከፍ ትላለች፤ ራስ ደጀንማ ከ4,500 ሜትር ያልፋል። «የኛው ይበልጣል» እያልን ለልጆቻችን እንፎክራለን። «እንግዲያው ውሰዱን» ሲሉን ግን ዝም እንላለን።

የሰሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 አደጋ ላይ ከወደቁት ተርታ ገባ፤ በ2017 ከዚያ ወጣ። ከመውጣቱ በፊት በ2016 የግጭ መንደር ነዋሪዎች ቀዬአቸውን ለቀው ደባርቅ ሰፍረዋል። (ቨርጂኒያም በ1930ዎቹ ሸናንዶዋን ፓርክ ያደረገችው ገበሬዎችን አስነስታ ነው።) ፓርኩ ለአካባቢው ሕዝብ የሚመልሰው ውለታ ቢኖር ከእንግዳው ኪስ የሚወጣው ገንዘብ ነው። አንድ ተራራ ወጪ ሲመጣ አስጎብኚ፣ ጠመንጃ የያዘ ስካውት፣ ምግብ አብሳይና በቅሎ ጫኝ አብረውት ይወጣሉ። ገንዘቡ እንደ ከተማ ሆቴል ከላይ አይቀርም፤ ተራውን ጠብቆ በቅሎውን የሚያከራየው ገበሬ እጅ ይገባል፣ ማዳበሪያና የልጅ ደብተር ይገዛል።

ይህ ኑሮ ነው የተናጋው። በ2021 ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ድረስ ዘለቀ። በኦገስት 2023 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አዋጁ ሳይነሳ፣ በ2024 መጀመሪያ፣ አገዛዙ ጣና ዳር ጎርጎራ ላይ ሎጅ አስመረቀ። ሎጁ ያምራል፤ አንክድም። በመንግሥት ጋዜጣ የሠራን ሰዎች ደግሞ የምረቃ ዜና ምን ያህል ቀላል እንደሆነ እናውቃለን፤ ሪባን ይቆረጣል፣ ንግግር ይደረጋል፣ ፎቶው ፊት ገጽ ይወጣል። በዚያው ዓመት በጁላይ ግን ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደየቤታቸው የሚመለሱ ተማሪዎችን የጫኑ አውቶቡሶች ገርበ ጉራቻ አካባቢ ተይዘው ከመቶ በላይ ተሳፋሪዎች ታገቱ። ከአዲስ አበባ በመኪና ራስ ደጀንን ለማየት የሚነሳ እንግዳ የሚያልፈው በዚያው መንገድ ነው። በአውሮፕላን ጎንደር ይግባ ቢባልም ወደ ደባርቅ የሚቀረው 100 ኪሎ ሜትር ያህል የሚኬደው በምድር ነው።

ጣታችንን ወደ አገዛዙ ብቻ አንቀስርም። መንገደኛ አግቶ ገንዘብ የሚጠይቅ ሁሉ፣ በምንም ስም ይጠራ፣ የበቅሎውን ባለቤት እንጀራ ነጥቋል። «የኛ ልጆች ናቸው» ብለን እዚህ ተቀምጠን አይተን እንዳላየን የምናልፍም አለን።

በአገር ቤት ሎጅ ለመሥራት ገንዘብ እያዋጣችሁ ያላችሁ ወገኖች፣ ፊርማችሁን ከማኖራችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ከጎንደር ደባርቅ ያለውን መንገድ ለሲቪል መንገደኛ የሚጠብቀው ማን ነው? ከፓርኩ መግቢያ ክፍያስ ለግጭ ተነሺዎች በዓመት ስንት ይደርሳቸዋል?