ወረቀቱ የዘር ምስክር እንጂ የጤና ዋስ አይደለም

ከብትና ግመል ይዞ ድንበር የሚመላለስ ነጋዴ «ወረቀት ያለው የጀርመን ሼፐርድ ቡችላ አምጣልኝ» ቢባል፣ ከዋጋው በፊት አንድ ነገር ይጠይቅ፦ ወረቀቱ የሚመሰክረው ምንድን ነው?

የንጹህ ዘር ምዝገባ ወረቀት የሚሰጡት የውሻ ማኅበራት ናቸው። የእንግሊዙ እ.ኤ.አ. በ1873፣ የአሜሪካው በ1884 ተቋቁመዋል፤ በኬንያም የምሥራቅ አፍሪካ ኬኔል ክለብ አለ። ወረቀቱ የቡችላውን አባትና እናት፣ የተወለደበትን ቀንና አርቢውን ይናገራል። ከዚያ አያልፍም። የአሜሪካው ማኅበር ራሱ ምዝገባው የውሻውን ጥራትም ሆነ ጤና እንደማያመለክት በግልጽ ይናገራል።

ይህ ለገዢው ቀላል ነገር አይደለም። ጀርመን ሼፐርድ በዘር በሚተላለፍ የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር የሚታወቅ ውሻ ነው። ኮርማ ከገዛ ልጁ ጋር ሲዳቀል ምን እንደሚከተል እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ውሻም ያው ነው። ስለዚህ የዘር ሐረጉን አንብቡት። በአባትም በእናትም በኩል አንድ ስም ከተደጋገመ፣ ንጹሕነቱ ማስጠንቀቂያ እንጂ መኩሪያ አይሆንም። የወላጆቹን የዳሌ ራጅ ውጤት ጠይቁ። የማይክሮቺፑን 15 አሃዝ ቁጥርም ከወረቀቱ ጋር አመሳክሩ፤ ቁጥሩ ካልገጠመ ወረቀቱ የሌላ ውሻ ሊሆን ይችላል።

ወረቀቱ ገንዘብ የሚያወጣው ለማርባት ወይም ለውድድር ለሚፈልገው ሰው ነው፤ ቡችሎቹን የሚያስመዘግበው ሁለቱም ወላጆች ሲመዘገቡ ነውና። ግቢ ለማስጠበቅ የሚገዛ ሰው ግን ለማይጠቀምበት መብት ይከፍላል።

ድንበር ላይ ደግሞ የዘር ወረቀት በር አያስከፍትም። እዚያ የሚፈለገው የእንስሳት ሐኪም የጤና ምስክር ወረቀትና የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ማስረጃ ነው። ይህ በሽታ ሰው ላይ ከሚደርስባቸው አጋጣሚዎች እስከ 99 በመቶ የሚሆኑት ከውሻ የሚመጡ ናቸው። የአውሮፓ ኅብረት ለጉዞ የሚቀበለው 12 ሳምንት ከሞላው በኋላ የተከተበ ቡችላ ነው፤ ከመጀመሪያው ክትባት በኋላም 21 ቀን ያስጠብቃል። የስምንት ሳምንት ቡችላ የቱንም ያህል ማኅተም ያለበት ወረቀት ቢይዝ ይህን አያሟላም።

ምክሬ አጭር ነው። የውሻውንና የወረቀቱን ዋጋ ለይታችሁ ንገሩ። ደንበኛው የሚፈልገው ዘበኛ ከሆነ፣ ለወረቀቱ ሊከፍል ያሰበውን ለክትባትና ለራጅ እንዲያውለው ምከሩት። ያልተከተበ ቡችላ ግን፣ ወረቀት ኖረውም አልኖረው፣ ከከብቱ ጋር አትጫኑ።