ጣሪያ ነው ወይስ ምጣድ?

የኮንዶሚኒየም የመጨረሻ ፎቅ ለደረሰው ሰው «እንኳን ደስ አለህ» እንለዋለን። የሚያዝያን ቀትር አብረነው አንውልማ! በኅዳር ሌሊት ደግሞ ያው ሰው ጋቢው ላይ ብርድ ልብስ ይደርባል። በአንድ ቤት ቆላም ደጋም።

እስቲ ቀና በሉ። በብዙዎቹ ባለ አራት ፎቅ ብሎኮች አናት ላይ ያለው ግማሽ ሚሊሜትር የማይሞላ ቆርቆሮ ነው፤ ከስሩ ስስ ኮርኒስ። በቃ! ቀን ፀሐይ ያጋለችው ቆርቆሮ ሙቀቱን ወደ ቤት ይልካል። ሌሊት ሰማዩ ሲጠራ ደግሞ ከውጭው አየር እንኳን በታች ይቀዘቅዛል። ጠዋት ከስሩ የሚንጠባጠበው ሁሉ ዝናብ እንዳይመስላችሁ፤ የእናንተው ትንፋሽና የድስቱ እንፋሎት ነው።

«አዲስ አበባ እኮ አየሯ ተስማሚ ነው» የሚሉ አሉ። ልክ ናቸው! 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ደህና ጣሪያ ካገኘች ቬንትሌተርም ማሞቂያም እምብዛም አያስፈልጋትም። አየሩን የሚያበላሽብን ጣሪያው ነው።

መድኃኒቱም ተአምር አይጠይቅም። ከቀለጠ ድንጋይ የሚፈተል «ሮክ ዉል» የሚባል ጥጥ መሳይ ነገር አለ፤ ብረት ሙቀትን ከእሱ ከ1,000 ጊዜ በላይ ያሳልፋል። ከኮርኒሱ በላይ 10 ሴንቲሜትር ያህል መደርደር፣ ከክፍሉ በኩል እንፋሎት የማያሳልፍ ላስቲክ መዘርጋት፣ ከቆርቆሮው ስር የአየር መተላለፊያ መተው፤ ይኸው ነው። ሮክ ዉል እሳትም አይዘውም። ርካሹ ነጭ ፎም ግን ይቀጣጠላልና እሱን በደፈናው አታስገቡ። አያቶቻችንም ዘዴውን ያውቁት ነበር፤ ወፍራም የሣር ክዳን አየር አምቆ ሙቀትና ብርድ ይከላከላል። ለእኛ የተረፈን «ሳር ቤት! ሳር ቤት!» የሚለው የታክሲ ረዳት ጥሪ ብቻ ነው።

«ውድ ነው» ትላላችሁ። ለማን? ገንቢው አንዴ የቆጠባትን ነዋሪው በየወሩ በቆጣሪ ይከፍላታል። በመስከረም 2017 ዓ.ም. የተጀመረው የመብራት ታሪፍ ማሻሻያ ደግሞ በየሦስት ወሩ እየጨመረ አራት ዓመት እንዲዘልቅ የወጣ ነው። ገንቢ ቁጠባ ይለዋል፤ እኔ ዕዳ ማሻገር እለዋለሁ።

ስለዚህ ዲዛይን የሚያጸድቅ መሥሪያ ቤት ከቆርቆሮው ስር ምን እንዳለ ሳያይ ማኅተም አይምታ። እናንተም ቤት ስትገዙ ስለ ሴራሚኩና ስለ ኪችን ካቢኔቱ ከመጠየቃችሁ በፊት ስለ ጣሪያው ጠይቁ። ሳይቃጠል በቅጠል!