ደብረ ታቦር ላይ መቶ ዲግሪ የለም

በአንድ የደጋ ከተማ ቤተ ሙከራ ጥግ የቆመ የኤሌክትሪክ ውኃ ማንጠሪያ በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱ። ጎኑ ላይ እስከ 110 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚዞር ቴርሞስታት አለው። ቴክኒሻኑ ቴርሞስታቱን 95 ላይ ያደርገዋል፤ ውኃው ይንተከተካል፣ እንፋሎቱ ማቀዝቀዣውን አልፎ በመውጫው ይተነፍሳል፣ የሚወርደው ንጥር ውኃም እጅ ያቃጥላል። «በዛ» ብሎ ወደ 88 ይመልሰዋል፤ መሣሪያው ጸጥ ይላል፣ አንዲት ጠብታም አትወርድም። በሁለቱ መካከል ልከኛ የሆነ አፈላል እየፈለገ ረፋዱን ሲያዞር ይቆይና በመጨረሻ «ቴርሞስታቱ ተበላሽቷል» የሚል ወረቀት ይለጥፍበታል። እንዲህ ያለ ወረቀት የተለጠፈባቸውን መሣሪያዎች ይህ ጸሐፊ ሁለት ጊዜ አይቷል። በሁለቱም ጊዜ ቴርሞስታቱ ጤነኛ ነበር፤ ስሕተቱ ያለው ከቴርሞስታቱ በተጠበቀው ሥራ ላይ ነው።

ለዚህ ስሕተት ቋንቋችንም የራሱን ድርሻ ሳያዋጣ አልቀረም። በመማሪያ መጻሕፍታችን «ሂት» የሚለውን ሙቀት፣ «ቴምፕሬቸር» የሚለውን ደግሞ መጠነ ሙቀት ብለነዋል። ስሙን የሰማ ተማሪ መጠነ ሙቀት ማለት የሙቀት ብዛት ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ነገር ግን ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ልዩነታቸው ቁልጭ ብሎ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ ደግሞ የሚፈላ ውኃ ነው። ክፍት በሆነ ዕቃ የሚፈላ ውኃ እሳቱ ቢጨመርበትም ቢቀነስበትም መጠነ ሙቀቱን አይለውጥም፤ የሚለወጠው በየደቂቃው ወደ እንፋሎትነት የሚሄደው የውኃ መጠን ነው። ስኮትላንዳዊው ጆሴፍ ብላክ በ1760ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ይህንኑ በጋለ ብረት ላይ በተጣደ ውኃ ለክቶታል። ውኃው ጨርሶ ለመትነን የፈጀበት ጊዜ ለመፍላት ከወሰደበት ጊዜ አምስት እጥፍ ያህል ነበር። በዚያ ረጅም ጊዜ ውስጥ ሙቀት ሳያቋርጥ ሲገባ ቴርሞሜትሩ ከቦታው አልተነቃነቀም። ብላክ ይህን ወደ ውኃው ገብቶ በቴርሞሜትር የማይታይ ሙቀት ድብቅ ሙቀት ሲል ጠራው።

እንግዲህ የእንፋሎትን ፍጥነት በቴርሞስታት ለመቆጣጠር መሞከር የማይንቀሳቀስን ነገር እየለኩ የሚንቀሳቀሰውን ለመግራት መሞከር ነው። ቴርሞስታቱ ከመፍያው ነጥብ በላይ ከተደረገ ውኃው እዚያ ስለማይደርስ ኤሌክትሪኩን ፈጽሞ አያቋርጥም፤ ከነጥቡ በታች ከተደረገ ደግሞ ከመፍላቱ በፊት ያቋርጣል። የእንፋሎቱ መጠን የሚወሰነው በኪሎዋት ነው። አንድ ኪሎግራም የሚፈላ ውኃ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ በእኛ ከፍታ 2280 ኪሎጁል ያህል ይጠይቃል። በየቤተ ሙከራው የሚታየው የተለመደ ማንጠሪያ 3 ኪሎዋት የሚወስድና በሰዓት 4 ሊትር ያህል የሚያወጣ ነው። ስሌቱም ከዚሁ ጋር ይስማማል፤ ከማቀዝቀዣው በ50 ዲግሪ የሚመጣውን ውኃ ለማፍላትና ለማትነን በሊትር 2450 ኪሎጁል ገደማ ስለሚያስፈልግ 3 ኪሎዋት በሰዓት 4.4 ሊትር ይሰጣል፤ ከዚያ ላይ በዕቃው ግድግዳ በኩል የሚጠፋው ይቀነሳል።

«በእኛ ከፍታ» ያልኩት በከንቱ አይደለም። ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ በኩል ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ የሄደ ሰው የመፍያውን ነጥብ ወደ ላይ ሲወጣ ዝቅ ያደርገዋል። ወረታ በ1800 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች ውኃ በ94 ዲግሪ ይፈላባታል። 2700 ሜትር ላይ በተቀመጠችው ደብረ ታቦር 91፣ በነፋስ መውጫ 90 ገደማ ነው። ከ4000 ሜትር በላይ በሚቆመው በጉና አናት ላይ ከ87 አይዘልም። የባቄላ ንፍሮ በነፋስ መውጫ ለምን እንደሚያዘገይ የሚጠይቅ ልጅ ቢኖር መልሱ ይኸው ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አገራችንን ያዩ አውሮፓውያን ተጓዦችም የተራራን ከፍታ ከሚገምቱባቸው ዘዴዎች አንዱ ውኃ አፍልቶ ቴርሞሜትር መክተት ነበር። መሣሪያዎቻችን ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት ውኃ በመቶ ዲግሪ ለሚፈላበት አገር ነው።

ታዲያ በ91 ዲግሪ ቢፈላ ምን ይጎዳል? እንፋሎት ያው እንፋሎት አይደለምን? ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያልፈዋል፤ ጉዳዩ ግን ከዚህ ይጀምራል። የደብረ ታቦር አየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ እንኳ አይሞላም። በዚህ ዝቅተኛ ግፊት አንድ ኪሎግራም እንፋሎት የሚይዘው ቦታ በባሕር ጠለል ከሚይዘው ከሲሶ በላይ ይበልጣል። ስለዚህ በእኩል ኪሎዋት የሚመነጨው እንፋሎት በዚያው ጠባብ አንገት በኩል ከሲሶ በላይ ፈጥኖ መውጣት አለበት። የሳሳ እንፋሎት ጠብታ የመሸከም አቅሙ ደከም ስለሚል ጉዳቱ በከፊል ይካካሳል፤ ሁለቱን አጣጥሞ ያሰላ ሰው ግን በባሕር ጠለል የነበረውን ንጽሕና ለማግኘት ደብረ ታቦር ላይ ኪሎዋቱን 15 በመቶ ያህል ዝቅ ማድረግ እንደሚገባ ይደርስበታል። ማቀዝቀዣውም እንዲሁ ነው። እንፋሎቱ ከ100 ይልቅ በ91 ዲግሪ ስለሚገባበት በእንፋሎቱና በቀዝቃዛው ውኃ መካከል ያለው ልዩነት ይጠብባል፤ ሥራውም በዚያው ልክ ይከብደዋል።

ከሚንተከተከው ውኃ ላይ ፈንጥቀው በእንፋሎቱ የሚወሰዱ ጥቃቅን ጠብታዎች ንጥር ውኃ አይደሉም። የቧንቧውን ውኃ ካልሲየምና ክሎራይድ እንደያዙ ወደ ንጹሑ ጠርሙስ የሚገቡ ሰርጎ ገቦች ናቸው። በዓይን አይታዩም። ተማሪው በዚያ ውኃ የክሎራይድ ምርመራ ሲሠራ ናሙናው ውስጥ የሌለ ክሎራይድ ያገኛል። የጤና ላቦራቶሪ ማቅለሚያውንና መሟሟቂያውን በእርሱ ያዘጋጃል። ገበያው «ዲስትልድ ዋተር» ብሎ የሚያውቀው የባትሪ ውኃም ከዚሁ ዓይነት መሣሪያ የሚመጣ ነው፤ በውስጡ የቀረ ጨው የባትሪውን ዕድሜ ያሳጥራል። ይህ ሁሉ ሲሆን መሣሪያው እየሠራ ነው፣ ውኃም እያወጣ ነው፤ ማንም ወረቀት አይለጥፍበትም። በእኔ አስተያየት ከቆመው ማንጠሪያ ይልቅ ሊያሳስበን የሚገባው እንዲህ ከልኩ በላይ እየፈላ የሚሠራው ነው።

በዚህ ላይ ማንም ያልሾመው ተቆጣጣሪ አለ፤ እርሱም የኤሌክትሪክ መስመሩ ቮልቴጅ ነው። ኤለመንት የሚወስደው ኃይል ከቮልቴጁ ካሬ ጋር አብሮ ይወጣል፣ ይወርዳል። 220 ቮልት ላይ 3 ኪሎዋት የሚወስደው ማንጠሪያ መስመሩ ወደ 180 ሲወርድ 2 ኪሎዋት ብቻ ይወስዳል። እንጀራ የሚጋገርበት ሰዓት አልፎ፣ ሌሊት ሰው ሲተኛ መስመሩ ወደ 240 ቢወጣ ደግሞ ወደ 3.6 ኪሎዋት ይጠጋል። በአንድ ቀን ውስጥ የእንፋሎቱ መጠን በእጥፍ ሊቀራረብ እንደሚችል ልብ ይሏል። ቀን ሰንፎ የዋለው መሣሪያ ሌሊት ተጠምዶ ሲያድር የሚያወጣው ውኃ ይበዛል፤ ንጽሕናውም ያኔ ነው የሚወድቀው።

ይህን ሁሉ ሳስብ ወደ አእምሮዬ የሚመጡት አረቄ የሚያወጡ እናቶች ናቸው። ድፍድፉን የያዘው እንስራ እሳት ላይ ነው፤ አፉ ተመርጎ በመቃ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ከተቀመጠው መቀበያ ጋር ተያይዟል። ቴርሞሜትር የለም። እሳቱ ከበረታ ድፍድፉ ገንፍሎ ወደ መቃው እንደሚገባና አረቄው እንደሚደፈርስ ያውቃሉ፤ ስለዚህ እንጨት ይጎትታሉ፣ ፍሙን ይበትናሉ። መቀበያው የተቀመጠበት ውኃ ሲሞቅ ይለውጡታል። የሚያዩት የእሳቱን ብዛትና የሚጠራቀመውን ነው፤ ምን ያህል ዲግሪ ደረሰ ብለው አይጨነቁም። ተራውን አረቄ እንደገና አውጥተው ዳግም የሚሉትን ሲያዘጋጁም ያንኑ ጥንቃቄ ይደግሙታል። እርግጥ አልኮልና ውኃ ሲደባለቁ የመፍያው ነጥብ እየተለወጠ ስለሚሄድ ነገሩ ከውኃ ማንጠር የተለየ ነው። የእሳቱ አያያዝ ግን ያው ነው፤ እንጨት መጎተት ማለት ኪሎዋት መቀነስ ነው።

ለኤሌክትሪኩ ማንጠሪያ እንጨት የሚጎትትለት ምን ይሁን? አማራጮቹ ብዙ ናቸው። በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ የምናውቀው፣ በራሱ ጊዜ እያቋረጠ የሚያበራ ማዞሪያ አንዱ ነው። ነገር ግን የማቋረጫው ጊዜ ረዘም ስለሚል እንፋሎቱ ቀጥ ይልና እንደገና ይፈነዳል፤ ለሽሮ የማያስጨንቅ ይህ ግንፈላ ለማንጠሪያ አይበጅም። ትሪያክ የሚባለው የኤሌክትሮኒክስ ክፍል ኃይሉን ያለ ደረጃ ከፍና ዝቅ ያደርጋል፤ ዋጋውም ውድ አይደለም። የኤሌክትሮኒክስ ተማሪዎች ለመመረቂያ ሥራቸው ቢሠሩት ደስ ይለኛል። ሆኖም በመስመሩ ላይ ድንገት በሚመጣ የቮልቴጅ ንረት ሲቃጠል ጠጋኙ ከሩቅ ከተማ እስኪመጣ መሣሪያው እንዳይቆም እሰጋለሁ።

የእኔ ምርጫ ተራ ነው፤ አንዳንዶች ኋላ ቀር ይሉት ይሆናል። በአንድ ባለ 3 ኪሎዋት ኤለመንት ፋንታ እያንዳንዳቸው 1 ኪሎዋት የሆኑ ሦስት ኤለመንቶች፣ ለእያንዳንዳቸውም አንድ ማብሪያ፣ ከማብሪያዎቹ በላይ አንድ ቮልት ሜትር። መስመሩ 220 ሲሆን ሁለቱን ብቻ ማብራት፤ ወደ 180 ሲወርድ ሦስተኛውን መጨመር። በሁለቱም ጊዜ ኃይሉ 2 ኪሎዋት ነው፤ የሚወጣውም በሰዓት ከ3 ሊትር ጥቂት ያነሰ ንጥር ውኃ ነው። አንድ ሊትር አጣን የሚል ቢኖር ቅድም ስለ ጠብታዎቹ የተባለውን ያስታውስ። አንዱ ኤለመንት ቢቃጠል ሁለቱ ይሠራሉ፤ ማብሪያውንም የከተማው ኤሌክትሪሻን ይለውጠዋል። ቴርሞስታቱ አይጣል፤ ውኃው ጎድሎ ኤለመንቱ ሲራቆት መጠነ ሙቀቱ ከመፍያው ነጥብ በላይ ስለሚሻገር ያኔ የሚያቋርጥ ዘብ ሆኖ ይቀመጥ። ቅየራውን የሚሠራው ሙያተኛ ይሁን፤ የመሬት መስመሩ ይፈተሽ፤ የእንፋሎቱ መውጫም እንፋሎት ለመቆጠብ ተብሎ ፈጽሞ አይደፈን።

ስለ ማቀዝቀዣው ውኃም ዝም ማለት አይቻልም። 4 ሊትር ለማንጠር 60 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውኃ በማቀዝቀዣው ያልፋል፤ አብዛኛው ለብ ብሎ ወደ ፍሳሽ ይሄዳል። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህ ግፍ ነው። ኪሎዋቱ በታወቀ ልክ ሲወሰን ቧንቧውንም በዚያው ልክ መጥበብ ይቻላል፤ ለ3 ሊትር 45 ሊትር ይበቃል። ኃይሉ እንዳሻው በሚወጣና በሚወርድበት ቦታ ግን ጠባቂው ለክፉው ሰዓት ብሎ ቧንቧውን ሁልጊዜ እንደከፈተው ይተወዋል። የሚወጣውን ለብ ያለ ውኃ በበርሜል ይዞ ለዕቃ ማጠቢያ ማዋልም ቀላል ነው። የደጋው ብርድ በዚህ በኩል ይረዳናል፤ በርሜሉ ሲያድር ይቀዘቅዛልና ተመልሶ ሊገባ ይችላል።

የግዥ ክፍሎቻችን ማንጠሪያ ሲገዙ በጨረታ ሰነዱ ላይ የሚጽፉት አብዛኛውን ጊዜ «በሰዓት 4 ሊትር» የሚለውን ነው። ሦስት መስመሮች ይጨመሩበት እላለሁ፤ መሣሪያው በ2700 ሜትር ከፍታ እንደሚሠራ፣ ቮልቴጁ ከ180 እስከ 240 እንደሚዋዥቅ፣ ኃይሉም ቢያንስ በሦስት ደረጃ የሚከፈል እንዲሆን። ሻጩ ሊያሟላ ካልቻለ ከ220 ቮልት በላይ የሚከላከል ስታቢላይዘር ከመግዛት ይልቅ ኤለመንቱን እዚሁ ማስቀየር ይረክሳል።

ቀድሞ የተገዛ መሣሪያ ያለው ቤተ ሙከራ ደግሞ ሰነድ መጠበቅ የለበትም። አንድ ባለ 1 ሊትር መለኪያ ሲሊንደር፣ አንድ ሰዓት፣ አንድ ቮልት ሜትርና የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት መለኪያ ይበቃሉ። የመጀመሪያ ዓመት የፊዚክስ ተማሪዎች በየሰዓቱ ቮልቴጁን፣ በ10 ደቂቃ የወረደውን ውኃና የውኃውን አስተላላፊነት ለአንድ ሳምንት፣ ሌሊቱንም ጨምረው ይመዝግቡ። የወረደው ውኃ ከቮልቴጁ ካሬ ጋር እኩል መውጣት አለመውጣቱን፣ መስመሩም ዜሮን ከመንካቱ በፊት የት ላይ እንደሚያቋርጥ በግራፍ ወረቀት ላይ ያውጡት፤ ያ ማቋረጫ በመሣሪያው ግድግዳ በኩል በከንቱ የሚጠፋውን ሙቀት ይነግራቸዋል። አስተላላፊነቱ ሽቅብ መታጠፍ የሚጀምርበት ቮልቴጅ ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ ተጽፎ፣ «ተበላሽቷል» የሚለው ወረቀት በተነሳበት ቦታ ይለጠፍ።