አንድ ጊዜ የተመረጠ ቋንቋ

በፎገራ ሜዳ ሩዝ ታጭዶ ከተወቃ በኋላ፣ ገበሬው ምርቱን ወረታ ከተማ ወዳሉት መፈልፈያ ቤቶች ይወስዳል። ቀድሞ የሽያጩን ገንዘብ በእጁ ቆጥሮ ይቀበል ነበር፤ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ፣ ባንኮችም የስልክ መተግበሪያዎቻቸውን ካስፋፉ ወዲህ ግን በስልክ መከፋፈል እየተለመደ መጥቷል። እንግዲህ የስልኩ ገጽ የሚናገርበት ቋንቋ ተራ ጉዳይ አይደለም።

በአንዳንድ መተግበሪያዎች የሚታየው ጉድለት ይህ ነው፤ ተጠቃሚው በመጀመሪያው ገጽ አማርኛን ይመርጣል፤ ገንዘቡን የሚያረጋግጥበት ገጽ ላይ ሲደርስ ግን እንግሊዝኛ ይጠብቀዋል። ከዚህም የተነሣ ስልኩን አጠገቡ ላለ ሰው ይሰጣል፤ የምስጢር ቁጥሩንም ጭምር ለመንገር ሊገደድ ይችላል። ብዙ ሰው ይህን የትርጉም ጉድለት አድርጎ ይመለከተዋል። ነገር ግን ትርጉሙ ተሟልቶ እያለ እንኳ ምርጫው በአግባቡ ካልተቀመጠ ያው ችግር ይደርሳል።

በአንድሮይድ ስልክ ላይ «ሼርድ ፕሪፈረንስስ» የሚባል መዝገብ አለ። ይኸውም በመተግበሪያው የግል ማኅደር ውስጥ የሚቀመጥ ትንሽ ፋይል ሲሆን፣ እያንዳንዱን ምርጫ ከመጠሪያው ጋር አጣምሮ ይይዛል፤ ለምሳሌ ያህል «ቋንቋ» ለሚለው መጠሪያ «አማርኛ» የሚል መልስ ይኖረዋል። ገጾቹ ሁሉ መዝገቡን በአንድ ስም ከከፈቱት ያንኑ መልስ ያገኛሉ። ባለሙያው «ጌት ሼርድ ፕሪፈረንስስ» በሚለው ትእዛዝ ፈንታ «ጌት ፕሪፈረንስስ» በሚለው ቢጠቀም ግን እያንዳንዱ ገጽ በራሱ ስም የተለየ መዝገብ ይከፍታል። ይህም በአንድ ገበያ ነጋዴው ሁሉ የየራሱን ቁና ይዞ እንደሚሰፍር ያለ ነው። ይባስ ብሎም መዝገቡ የተጠየቀውን መጠሪያ ሲያጣ ስሕተት መኖሩን አይናገርም፤ ባለሙያው አስቀድሞ የወሰነለትን መነሻ መልስ ያቀርባል እንጂ። መነሻው እንግሊዝኛ ከሆነ እንግሊዝኛ ይወጣል። ባለሙያው ራሱ በእንግሊዝኛ የሚሠራ ከሆነማ ጉድለቱን ከቶ ላያየው ይችላል!

በእኔ አስተያየት ቋንቋም ሆነ የቀን አቆጣጠር በአንድ መዝገብ ብቻ ሊቀመጥ፣ መጠሪያውም አንድ ቦታ ተጽፎ ገጾቹ ሁሉ ከዚያ ሊወስዱት ይገባል። (የምስጢር ቁጥርን ግን እዚህ ማስቀመጥ አይገባም፤ ፋይሉ በራሱ ያልተመሰጠረ ጽሑፍ ነውና።) ይህ ተጨማሪ ድካም ነው የሚል ባለሙያ ቢኖር፣ መተግበሪያውን ለሕዝብ ከማቅረቡ በፊት አማርኛን መርጦ፣ ዘግቶ እንደገና ይክፈተውና እስከ መጨረሻው ደረሰኝ ድረስ ገጽ በገጽ ይመልከተው።