የፊት ብረቱ ማንን ነው የሚጠብቀው?

ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት የጌዴኦ ዞን መንገዶች ከቡና ጭነት ፋታ አያገኙም። ከወናጎ፣ ከይርጋጨፌ፣ ከኮቸሬና ከገደብ የሚለቀመው ቀይ እሸት በዕለቱ ማጠቢያ ጣቢያ ካልደረሰ ጥራቱም ዋጋውም ይወርዳል። ስለዚህ ዝናብ ጣለ አልጣለ አይሱዙው ይወጣል። ዝናቡ ሳያባራ ደግሞ ከአስፋልቱ ወደ ቀበሌ የሚገነጠለው ቀይ አፈር የጫነ መኪና እስከ ዲፈረንሻሉ ይውጣል። ረዳቱ ሱሪውን ሰብስቦ ጭቃው ውስጥ ይገባል፤ ካቦ ይዘረጋል፤ አንዱን ጫፍ ሊያወጣቸው ከመጣው መኪና ኋላ፣ ሌላውን ጫፍ ከራሳቸው መኪና የፊት ብረት ላይ ያስራል።

ያ የፊት ብረት ብዙውን ጊዜ የፋብሪካ ሥራ አይደለም። በዲላም እንደ ሌሎቹ የአገሪቱ ከተሞች መኪና ተገዝቶ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ጋራዥ ጎራ ማለቱ የተለመደ ነው። ወፍራም ቱቦ ይቆረጣል፣ ጫፍና ጫፉ ይታጠፋል፣ ከፓራውልቱ ፊት ወይም በእሱ ምትክ በቀጥታ ከሻንሲው ጋር ይበየዳል፣ ቀለም ይቀባል። ለባጃጅም፣ ለፒክአፕም፣ ለሚኒባስም የሚያሠራ አለ። ባለንብረቱ ከዚህ ብረት ሁለት ነገር ይጠብቃል፦ ሲጋጭ ፋናሉን እንዲያድንለት፣ ጭቃ ሲይዘው እንዲጎተትበት።

ሐሳቡ መሠረት የለውም አይባልም። መለዋወጫ በውጭ ምንዛሪ በሚገባበት አገር አንድ ፋናል መሰበሩ ብቻ ኪስ ይጎዳል። ችግሩ ሌላ ቦታ ላይ ነው። ለግጭት የተሠራ ነገር መታጠፍ አለበት፤ ለጉተታ የተሠራ ነገር ፈጽሞ መታጠፍ የለበትም። ሁለቱን ሥራ በአንድ ቱቦ ላይ መጫን ሁለቱንም ያበላሻል።

ስሌቱ አስቸጋሪ አይደለም። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ከግንብ ጋር ተጋጭቶ በ10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ድርቅ ብሎ ቢቆም፣ ከመኪናው ጋር በቀበቶ የታሰረው ሰው የራሱን ክብደት 35 እጥፍ የሚያህል ኃይል ያርፍበታል። የመኪናው ፊት እየተጨማደደ በ50 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ቢያቆመው ግን ኃይሉ ወደ 7 እጥፍ ይወርዳል። ፍጥነቱ 60 ሲደርስ ደግሞ መዋጥ ያለበት ጉልበት በ4 እጥፍ ያድጋል። እንቁላል ገበያ የምታወርድ እናት ገለባ የምትጎዘጉዘው ገለባ ጠንካራ ስለሆነ አይደለም። የማይታጠፍ ብረት ግጭቱን አያጠፋውም፤ ተቀብሎ ወደ ሻንሲው፣ ከዚያም ወደ ወንበሩ ያስተላልፈዋል።

ይህንን ቀድሞ የተረዳው በኦስትሪያ የተወለደው የመርሴዲስ መሐንዲስ ቤላ ባሬኒ ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 የፈጠራ መብት ያመለከተበት ሐሳብ ሰው የሚቀመጥበት ክፍል እንዲጸና፣ የመኪናው ፊትና ኋላ ግን በግጭት ጊዜ እንዲጨማደዱ የሚል ነበር። በ1959 በመርሴዲስ መኪና ላይ ሥራ ላይ ዋለ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1973 ሞዴሎች ጀምሮ ፓራውልት በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ግጭትን እንዲቋቋም ተደነገገ፤ በ1982 መለኪያው ወደ 4 ኪሎ ሜትር ዝቅ ተደረገ። ፓራውልት ራሱ የሚችለው እንግዲህ መኪና ሲያቆሙ የሚያጋጥመውን ዓይነት ግፊያ ነው። ከዚያ በላይ ያለውን የሚሸከመው ከኋላው ያለው አካል ነው።

“የዛሬ መኪና ፕላስቲክ ነው” ሲባል ይሰማል። የሚታየው ፕላስቲክ ግን ልባስ ብቻ ነው። ከውስጡ ፎም፣ ከፎሙ ኋላ አግዳሚ ብረት፣ ከአግዳሚው ኋላ ደግሞ ግራና ቀኝ ሁለት ባዶ የብረት ሣጥኖች አሉ። ሣጥኖቹ ሲመቱ እንደ አኮርዲዮን እንዲታጠፉ ተብለው በስስ ላሜራ ይሠራሉ፣ መታጠፉ የሚጀምርበት ቦታም አስቀድሞ ይሰረጎዳል። በቡሎን ስለሚታሰሩ ከግጭት በኋላ ተፈተው ይለወጣሉ። ጋራዥ የበየደው ቱቦ ከእነዚህ ሣጥኖች ፊት ሆኖ በቀጥታ ሻንሲውን ሲይዝ ሣጥኖቹ ሥራቸውን ሳይሠሩ ይቀራሉ። ኤርባግ ባለው መኪና ላይ ደግሞ ሴንሰሩ የግጭቱን ልክ በትክክል እንዳያነብ ሊያደርግ ይችላል።

የአይሱዙ ሾፌር “እኔ እግሬ ከፓራውልቱ ኋላ ነው፣ ከፊቴ ሞተር እንኳ የለም፤ ብረት ካላስገባሁ በምን ልድን?” ቢል እውነት አለው። አፍንጫ የሌለው መኪና ለመጨማደድ የሚተርፈው ቦታ ጥቂት ነው። ግን ለዚህ መልሱ በሻንሲው ጫፍና በአግዳሚው መካከል የሚታጠፍ ሣጥን ማስገባት ነው። ሃያ ሳንቲ ሜትርም ቢሆን ከምንም ይሻላል።

ከመኪናው ውጭ ያለው ሰውስ? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ለ2016 ባወጣው ግምት በኢትዮጵያ በዓመቱ ከ100,000 ሰው ወደ 27 የሚጠጋው በመንገድ ትራፊክ አደጋ ሞቷል። በአዲስ አበባ በዚህ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ጌዴኦ ደግሞ በአገሪቱ ገጠር ሕዝብ እጅግ ከተጠጋጋባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። መልክዓ ምድሩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ሰው ከእንሰቱ፣ ከቡናውና ከዛፉ ጋር ተጠጋግቶ የሚኖርበት በመሆኑ ጭምር ነው። ከአዲስ አበባ በሐዋሳ፣ በዲላና በይርጋጨፌ በኩል ወደ ሞያሌ የሚወርደው አውራ ጎዳና በዚህ ሕዝብ መካከል ያልፋል። ተማሪው፣ እንሰት የተሸከመችው ሴት፣ ገበያተኛው ሁሉ በአስፋልቱ ዳር ነው የሚሄደው። የብረት ቱቦው ለአዋቂ ሰው ዳሌና ሆድ፣ ለልጅ ደረትና ራስ ላይ ይደርሳል። ፕላስቲኩና ፎሙ የሚሰጡትን ጥቂት ዕድል ቱቦው አይሰጥም። ለዚህ ነው የአውሮፓ ኅብረት ከፊት የሚገጠም መከላከያ የእግረኛ ደህንነት ፈተና እንዲያልፍ እ.ኤ.አ. በ2005 ሕግ ያወጣው፤ የሕንድ የመንገድ ትራንስፖርት ሚኒስቴርም እ.ኤ.አ. በ2017 ማብቂያ ላይ ክልሎች እነዚህን ብረቶች እንዲያስነሱ ያዘዘው። ባጃጁም ሆነ ብዙው የመንገዳችን ችግር ከሕንድ ጋር የምንጋራው ነውና ልምዱ ይጠቅመናል።

ወደ ጉተታው እንመለስ። ጭቃ የያዘውን መኪና ለማላቀቅ የሚያስፈልገው ኃይል መኪናው በደረቅ መንገድ ከሚጠይቀው በብዙ ይበልጣል፤ ጭቃው ጎማውን ይመጠዋል፣ ዳገቱም ይጨመርበታል። አግዳሚው ቱቦ ላይ የታሰረ ካቦ ቱቦውን መሐሉ ላይ ይቀለብሰዋል፣ ወይም የብየዳውን መገጣጠሚያ ይገነጥላል። የተሰነጠቀ ብየዳ ከውጭ ቀለም ስለተቀባ አይታይም። ብየዳው ሲለቅ ወይም ካቦው ሲበጠስ የተገነጠለው ብረት ተስፈንጥሮ ዙሪያውን የቆመውን ሰው ይመታል። ጭቃ ዳር ደግሞ ረዳት ብቻ አይደለም የሚቆመው፤ “አይዞህ፣ ጎትት!” የሚል መንደርተኛ፣ ከእሱም ይልቅ ሕፃናት ይሰበሰባሉ።

ፋብሪካዎች ይህንን የፈቱት መጎተቻውን ከፓራውልቱ በመለየት ነው። የቤት መኪና ፓራውልት ላይ ትንሽ አራት ማዕዘን ክዳን አለች፤ ስትከፈት ከኋላዋ ጥርስ ያለው ቀዳዳ ይታያል፣ ከክሪኩ ጋር የሚመጣው ቀለበት እዚያ ይጠመዘዛል። ፓራውልቱ ጉተታውን አይነካውም፤ ቀለበቱ ከውስጥ ካለው የመኪናው አካል ጋር ነው የተያያዘው። ያ ቀለበት ግን በአስፋልት ላይ ቀጥ አድርጎ ለመጎተት እንጂ ከረግረግ በጎን ለመንቀል አልተሠራም።

ለጌዴኦ መንገድ የሚበጀው ንድፍ ከዚህ ይወጣል። ሁለት ጋንጮዎች በግራና በቀኝ ሻንሲ ላይ፣ በወፍራም ላሜራ ተደግፈው፣ ራሱ ላይ 8.8 የሚል ቁጥር በተመታበት ጠንካራ ቡሎን ይታሰራሉ። አግዳሚው ፓራውልት ለብቻው፣ በሚታጠፉት ሣጥኖች ላይ ይቀመጣል፤ ለጋንጮዎቹ ቀዳዳ ይተውለታል። ሲጋጭ ፓራውልቱ ይታጠፋል፣ ሲጎተት ጋንጮው ይጸናል። በዚህ ሥራ ውስጥ የዲላ በያጅና ባትላሜራ የማይችለው ነገር የለም። የጎደለው የተፈተነ ልክና ሥዕል ነው። የዲላ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና መምህራንና የዞኑ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች አንድ የአይሱዙና አንድ የባጃጅ ንድፍ አውጥተው፣ ፈትነው፣ በአማርኛና በጌዴኡፋ ለጋራዦች ቢያሰራጩ ለአካባቢው የሚሰጡት አገልግሎት ከብዙ ጥናት ይበልጣል።

የኋላውም መዘንጋት የለበትም። የጭነት መኪና ኋላ ከፍ ያለ ስለሆነ ባጃጅ ወይም የቤት መኪና ከሥሩ ይገባል፤ አሜሪካዊቷ ተዋናይት ጄን ማንስፊልድ እ.ኤ.አ. በ1967 የሞተችው እንዲህ ባለ አደጋ ነው። ዓለም አቀፉ ደንብ ለረጅም ጊዜ የኋላው አግዳሚ ከመሬት ከ55 ሳንቲ ሜትር በላይ እንዳይርቅ ሲጠይቅ ኖሯል። እዚህ ላይ ብረቱ ጠንካራ መሆኑ ትክክል ነው።

ይህ ሁሉ የአደጋው ሁሉ መድኃኒት አይደለም። ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በጎረቤት ሲዳማ ክልል ቦና ዙሪያ ወረዳ ሠርገኞችን የጫነ አይሱዙ ወንዝ ገብቶ ቢያንስ 71 ሰዎች ሲሞቱ የትኛውም ፓራውልት አያድናቸውም ነበር። ሰው በጭነት መኪና መጫን መቅረት አለበት። ፓራውልቱ ግን በባለንብረቱ እጅ ያለ፣ በአንድ ጋራዥ ቀጠሮ ሊስተካከል የሚችል ነገር ነው።

መኪና ሁሉ በየዓመቱ ለቦሎ በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት የቴክኒክ ምርመራ ያልፋል። ፍሬንና መብራት ሲታዩ የፊት ብረቱም ይታይ። ከሻንሲ ጋር በቀጥታ የተበየደ ቱቦ እስኪነሳ ድረስ ቦሎ አይሰጥ፤ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ትራንስፖርት ቢሮም ለባለንብረቶች በቂ ጊዜ ሰጥቶ ይህንን ከመጪው የቡና ወቅት በፊት ያስጀምር። እስከዚያው ድረስ፣ ሾፌሮች ሆይ፣ ካቦውን ከፊት ቱቦው ላይ አትሰሩ፤ ሻንሲው ላይ እሰሩት፣ መጎተት ከመጀመራችሁም በፊት ሰዉን በተለይም ልጆቹን ከካቦው ርዝመት በላይ አርቁ።