አባት ሲመታ ዝም አንበል

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምትኖሩ፣ እዚህ ተወልዳችሁም ሆነ በልጅነታችሁ መጥታችሁ ያደጋችሁ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ይህ ጥሪ በመጀመሪያ ለእናንተ ነው። ከዚያም ለእኔ እኩዮች ነው፤ ጎልምሰን ለመጣነው፣ እድሩንና ማኅበሩን ለያዝነው፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ "ሽማግሌ ይግባ" ተብሎ ለምንጠራው። የምጽፈው በገዛ ቤታቸው ስለሚደበደቡ አባቶች ነው።

አዎን፣ አባቶች ይደበደባሉ። በሚስት ይደበደባሉ፣ አንዳንዴም ባሳደጉት ልጅ። ጥቃቱ ጥፊና ዱላ ብቻ አይደለም። ደመወዝን መቀማት፣ ፓስፖርት መደበቅ፣ በልጆች ፊት ማዋረድ፣ "ፖሊስ እጠራብሃለሁ፣ ወረቀትህን አስቀርብሃለሁ" እያሉ ማስፈራራትም ጥቃት ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ባደረገው አገር አቀፍ ጥናት መሠረት ከአራት ሴቶች አንዷ፣ ከአሥር ወንዶች ደግሞ አንዱ ገደማ በሕይወት ዘመናቸው የትዳር ወይም የፍቅር አጋራቸው ባደረሰባቸው ጥቃት ተጎድተዋል። ሁለቱን ቁጥሮች አብሬ የጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። የሚበዙት ተጠቂዎች ሴቶች ናቸው፤ ከባዱ ጉዳትም የሚደርሰው በእነሱ ላይ ነው። ስለ አባቶች የምንናገረው የእናቶችን ለቅሶ ለማደብዘዝ ከሆነ ባይነገር ይሻላል። ደግሞም ዛሬ የተጎዳ አባት የሚያንኳኳቸውን በሮች አብዛኛዎቹን ታግለው ያስከፈቱት ሴቶች ናቸው። ስለዚህ ይህ ጥሪ ከእነሱ ትግል ጋር ጠብ የለውም።

አባት ለምን ዝም ይላል? መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ወንድ ልጅ አያለቅስም ሲባል ያደገ፣ አባወራ ሆኖ ቤቱን እንዲመራ በሽማግሌ የተመረቀ ሰው "ሚስቴ መታችኝ" ብሎ የሚነግረው ሰው ያጣል። ቢናገር ይሳቅበታል። ፓርኪንግ አብረውት የሚሠሩት፣ ታክሲ ተራ ላይ ቡና የሚያጣጡት ጓደኞቹ ነገሩን መቀለጃ ያደርጉታል። የነፍስ አባቱ "ለልጆችህ ስትል ቻለው" ይሉታል። ሽማግሌውንም ከሰውየው ጉዳት ይልቅ የገመናው መውጣት ያስጨንቀዋል። እንዲህ ሲሆን ሰውየው መኪናው ውስጥ ማደር ይጀምራል፤ ትርፍ ሰዓት እየሠራ ነው እየተባለ ይወራል።

ከሐፍረቱ በላይ ግን ፍርሃት አለ፤ ልጆቼን አጣለሁ፣ ፖሊስ ብጠራም የምታሰረው እኔው ነኝ የሚል። ይህ ፍርሃት ባዶ ነው አልልም። በቨርጂኒያ ሕግ ፖሊስ በቤተሰብ መካከል ድብደባ መፈጸሙን የሚያሳምን ምክንያት ካገኘ፣ ልዩ ሁኔታ ካልኖረ በቀር፣ ዋነኛውን አጥቂ ለይቶ ማሰር አለበት። አጥቂው ማን እንደሆነ የሚለየው ደግሞ በዚያች ሌሊት፣ በዚያች ሳሎን፣ ከሚያየውና ከሚሰማው ነው። እንግሊዝኛው የተሳካለት ወገን ቀድሞ ይናገራል። ያልተሳካለት አንገቱን ደፍቶ ይቆማል፤ ዝምታው እንደ ጥፋተኝነት ይቆጠርበታል። አንዳንዴ የዘጠኝና የአሥር ዓመት ልጅ በእናቱና በአባቱ መካከል ቆሞ ያስተረጉማል። ልጅን እንዲህ ካለ ቦታ ላይ ማቆም ግፍ ነው። ለፖሊሱ "አማርኛ አስተርጓሚ" የሚሉ ሁለት ቃላት በእንግሊዝኛ መናገር የሚችል አባት ግማሽ መንገድ ሄዷል። በዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ የማይችሉ ሰዎችን በሚገባቸው ቋንቋ እንዲያስተናግዱ ያስገድዳል፤ በዚህ ሕግ መሠረት አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ዋና ዋና ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ይህ መብት የተገኘው ወገኖቻችን ደጅ ጠንተው ነው። ልንጠቀምበት ይገባል።

እዚህ ላይ ስለ አንዲት ልጅ ልንገራችሁ። በካሊፎርኒያ አንድ አባት በቤቱ ጥቃት ሲደርስበት እርዳታ ፍለጋ ይሄዳል፤ ወንድ በመሆኑ ይመልሱታል። ዓመታት አልፈው ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ፣ በልጅነቷ የአባቷን መከራ እያየች ያደገችው ልጁ ከእሱ ጎን ከሳሽ ሆና ቆመች። ዉድስ እና ሆርተን በተባለው በዚህ መዝገብ የግዛቲቱ ይግባኝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 ውሳኔ ሰጠ፤ በመንግሥት ገንዘብ የሚደገፍ የቤት ውስጥ ጥቃት አገልግሎት ወንዶችን ወንድ በመሆናቸው ብቻ ሊያገል አይችልም አለ። አገልግሎቱ ለሁለቱም ፆታ አንድ ዓይነት ይሁን አላለም፤ በሩ ግን አይዘጋ አለ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ2013፣ የሴቶችን ጥቃት ለመከላከል የወጣው የፌዴራል ሕግ ሲታደስ በዚሁ ሕግ ገንዘብ የሚተዳደሩ ድርጅቶች በፆታ እንዳያዳሉ የሚከለክል አንቀጽ ገባበት። መጠለያው ለሴቶች ብቻ መሆኑ የግድ ከሆነ እንኳ ለወንዱ ተመጣጣኝ አገልግሎት መስጠት አለባቸው። ስለዚህ "ወንድ አንቀበልም" የሚል ድምፅ በስልክ የሰማ አባት ስልኩን ዘግቶ መሄድ የለበትም። "እንግዲያው ለእኔ ያላችሁ ምንድን ነው?" ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው። እናንተ ደግሞ ያንን ጥያቄ በጥሩ እንግሊዝኛ ልትጠይቁለት ትችላላችሁ።

አገር ቤት ያደግን ሰዎች አንድ ነገር በቀላሉ አይገባንም። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃትን ያስቀጣል፤ ባልና ሚስት ብሎም አይለይም። የቤተሰብ ሕጉም ፍቺ ከተጠየቀ በኋላ ፍርድ ቤቱ ስለ ልጆች፣ ስለ ቀለብና ከጋራ ቤት ስለሚወጣው ወገን ጊዜያዊ ትእዛዝ እንዲሰጥ ያዛል። እንግዲህ በብዙ አባቶች አእምሮ ያለው ምርጫ ሁለት ብቻ ነው፤ ወይ ሚስትን ማሳሰር፣ ወይ ትዳርን ማፍረስ። አባቱ ሁለቱንም ስለማይፈልግ ዝም ብሎ ይቀመጣል። እዚህ ግን ሦስተኛ መንገድ አለ፤ የጥበቃ ትእዛዝ ይባላል። ፍቺ አይጠይቅም፤ በራሱ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ በመሆኑ ማንንም ወዲያው ወህኒ አያወርድም። ዳኛው አጥቂው እንዳይቀርብ፣ ከቤት እንዲወጣ፣ ልጆቹም ለጊዜው ከማን ጋር እንደሚሆኑ ሊወስን ይችላል። ትእዛዙን መጣስ ግን ወንጀል ነው።

በቨርጂኒያ ማጅስትሬት የሚባለው የፍርድ ባለሥልጣን በማንኛውም ሰዓት፣ በእኩለ ሌሊትም ቢሆን፣ አስቸኳይ ትእዛዝ ሊሰጥ ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ለ72 ሰዓት ይጸናል። በዚያ ጊዜ ውስጥ የታዳጊዎችና የቤተሰብ ፍርድ ቤት ሄዶ ጊዜያዊውን ትእዛዝ መጠየቅ ይቻላል። ሁለቱም ወገን ከተሰማ በኋላ የሚሰጠው የመጨረሻው ትእዛዝ በአብዛኛው እስከ ሁለት ዓመት ይደርሳል። በሜሪላንድም ፍርድ ቤት ከተዘጋ በኋላ የፍርድ ቤቱ ኮሚሽነር ዘንድ ሄዶ ማመልከት ይቻላል፤ የመጨረሻው ትእዛዝ በአብዛኛው እስከ አንድ ዓመት ነው። ማመልከቻው አይከፈልበትም። ለማመልከትም ወንድ ሴት ተብሎ አይለይም። ልጆቼን አጣለሁ ለሚለው አባት ደግሞ የቨርጂኒያ ሕግ በልጅ አሳዳጊነት ጉዳይ ለእናትም ለአባትም አስቀድሞ እንደማያዳላ፣ ዳኛውም በቤት ውስጥ የተፈጸመ ጥቃትን እንዲመዝን እንደሚያዝ ይነገረው። ለዚህ ግን ማስረጃ ያስፈልገዋል። ሐኪም ቤት ሄዶ ጉዳቱን በእውነተኛ ምክንያቱ ያስመዝግብ፤ ደረጃ ላይ ወደቅሁ አይበል። ፎቶግራፉን፣ የስልክ መልእክቱን፣ ያዩ ጎረቤቶችን ስም ይያዝ። ምንም ቢሆን ደግሞ እጁን አያንሳ። አንዴ ከመለሰ መዝገቡ ሌላ ይሆናል።

የወረቀቱ ነገር የብዙዎቹ ልጓም ነው። በሚስቱ በኩል የመጣ ሰው ሁለት ዓመት በሚጸና ግሪን ካርድ ላይ እያለ "አብሬህ ካልፈረምኩ ትባረራለህ" ይባላል። ውሸት ነው። በትዳሩ ውስጥ ጥቃት የደረሰበት ሰው ትዳሩ በቅን ልቦና የተመሠረተ መሆኑን ካሳየ ያለ ሚስቱ ፊርማ ብቻውን ማመልከት ይችላል። ግሪን ካርድ ገና ያላገኘ፣ ሚስቱ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ የሆነች ሰው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው፣ የሴቶችን ጥቃት በሚከላከለው በዚያው የፌዴራል ሕግ መሠረት አይ-360 በተባለው ቅጽ ለራሱ ያመለክታል። ሕጉ የሴቶችን ስም ቢይዝም ወንድን አይከለክልም። የማመልከቻ ክፍያ የለውም። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ለሚስቲቱ እንዲነግር አይፈቀድለትም። ከተፋቱም በሁለት ዓመት ውስጥ ማመልከት ይቻላል።

አሁን ከሁሉም በላይ ልቤን ወደሚያሳምመው እመጣለሁ። የልጅ ልጅ እንዲያሳድጉ፣ በስተርጅና እንዲጦሩ ተብለው ከአገር ቤት የሚመጡ አባቶች አሉን። ከነዚህ መካከል በገዛ ልጃቸው ቤት የሚንገላቱ፣ ፓስፖርታቸው የተቆለፈባቸው፣ ስልክ የተከለከሉ፣ ሲከፋም የሚገፈተሩ አሉ። እኚህ አባት ልጄን ለፖሊስ አልሰጥም ብለው ይሞታሉ እንጂ አይናገሩም። ይህንንም ሕጉ አስቦበታል። እ.ኤ.አ. ከ2006 ወዲህ፣ ዕድሜው 21 ዓመት የሞላው አሜሪካዊ ዜጋ የሆነ ልጅ ጥቃት ያደረሰበት ወላጅ፣ ከልጁ ጋር አብሮ ኖሮ ከሆነ፣ በዚያው አይ-360 ቅጽ ለራሱ ማመልከት ይችላል። በየግዛቱም ስለ አረጋውያን ጥቃት ጥቆማ ተቀብሎ የሚያጣራ የአዋቂዎች ጥበቃ አገልግሎት አለ። ጥቆማውን ጎረቤት፣ ዘመድ ወይም ቤተ ክርስቲያን የሚያገኛቸው ሰው ሊሰጥ ይችላል፤ እሳቸው ራሳቸው እስኪናገሩ መጠበቅ የለብንም። ቅዳሴ ላይ ለወራት የጠፉ ሽማግሌ ካሉ ቤታቸው ሄዳችሁ ጠይቁ። ልጃቸው ደጃፍ ላይ "ተኝተዋል" ብሎ ቢመልሳችሁ ነገ ተመለሱ።

ታዲያ ከእናንተ የምጠይቀው ምንድን ነው? ሕግ ያጠናችሁ፣ ነርስ የሆናችሁ፣ በማኅበራዊ አገልግሎት የምትሠሩ፣ በሁለቱ ቋንቋዎች የምታስቡ ልጆቻችን፣ የጎደለን እናንተ ናችሁ። ከላይ የጻፍኩት ሁሉ በእንግሊዝኛ ሞልቷል። አባቱ ዘንድ የሚደርሰው ግን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ በአማርኛ ሲያስረዳው፣ ቅጹን ሲሞላለት፣ ፍርድ ቤት አብሮት ሲሄድ ነው። የፍርድ ቤት አስተርጓሚ በነፃ እንደሚመደብ ንገሩት፤ እናንተ የአስተርጓሚውን ሥራ አትሥሩ፣ አጠገቡ ተቀመጡ። ማኅበረሰባችን ትንሽ ነውና አስተርጓሚው ያውቀኛል ብሎ ከፈራ፣ በስልክ ከሌላ ግዛት አስተርጓሚ እንዲቀርብለት መጠየቅ እንደሚችል አስታውሱት። ሳይማር ፎርም እየሞላ ገንዘብ ከሚሰበስብ ሰው ጠብቁት፤ በኢሚግሬሽን ጉዳይ ጠበቃ ወይም ከመንግሥት ፈቃድ ያለው ወኪል ብቻ ይያዝለት። በሞንትጎመሪ አውራጃ ለሚኖር ሰው ሮክቪል ያለው የቤተሰብ ፍትሕ ማዕከል ፖሊሱንም ምክሩንም የሕግ እርዳታውንም አንድ ጣራ ሥር ይዟል። እዚያ የሚወስደው መኪና ካጣ የእናንተ ይሁን።

ለእኩዮቼም የምለው አለ። ሽምግልናችንን ጣሉ አልልም፤ ብዙ ትዳር አትርፏል። ድብደባ ባለበት ቤት ግን ዕርቅ የመጀመሪያው እርምጃ አይደለም፤ መጀመሪያ የተጎዳው ሰው ደኅንነት ይጠበቅ። ቤቱ ገብተን "ተቃቀፉ" ብለን ስንወጣ በሩ ከኋላችን ይዘጋል፤ የተመታው ሰው ከመቺው ጋር ይቀራል። ይህ ለተመታች ሴትም ለተመታ ወንድም እኩል እውነት ነው። እድራችን ለሞተ ሰው በአንድ ሌሊት በሺህ የሚቆጠር ዶላር ይሰበስባል። በሕይወት ላለ፣ ልጆቹን ይዞ መውጫ ላጣ አባት የሦስት ሌሊት የሆቴል ኪራይ ይጠፋል ብዬ አላምንም። በደንባችን ላይ አንድ መስመር እንጨምር፤ በቤቱ ጥቃት የደረሰበት አባል፣ ሴትም ሆነ ወንድ፣ ስሙ ሳይወጣ አስቸኳይ እርዳታ ያገኛል እንበል። በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ይህን በአጀንዳ አስይዙ።

እስከዚያው ድረስ እያንዳንዳችሁ አሁኑኑ ልታደርጉት የምትችሉት ነገር አለ። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የሚሠራው ብሔራዊ የቤት ውስጥ ጥቃት የስልክ መስመር ሌሊትና ቀን ክፍት ነው፤ ወንድንም ሴትንም ያስተናግዳል፣ ስም አይጠይቅም፣ አስተርጓሚ ያቀርባል። ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር ካለ ወደ 911 ይደወል፤ ለቀረው ሁሉ ይህን ቁጥር ስልካችሁ ላይ መዝግቡ፣ ለአባቶቻችሁም መዝግቡላቸው፦ 1-800-799-7233።