«ብረት አለዎት ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም

በዲፓርትመንታችን ስለ ኤም.አር.አይ. ፊዚክስ ብዙ እንማራለን። ስለ ኮይል፣ ስለ ግራዲየንት፣ ስለ ቲ1 እና ቲ2 ተፈትነናል። ታካሚው ወደ ክፍሉ ከመግባቱ በፊት ምን ማወቅ እንዳለበት ግን እምብዛም አንወያይም። በእኔ አመለካከት ለታካሚ ማስረዳት ጊዜ ሲተርፍ የሚደረግ ውለታ ሳይሆን የምርመራው አንዱ አካል ነው።

የመጀመሪያው ምክንያት ደኅንነት ነው። ብዙ ሰው ማግኔቱ የሚሠራው ማሽኑ ሲጮህ ብቻ ይመስለዋል። ባለ 1.5 ቴስላ ማሽንን ብንወስድ ማግኔቱ ሌሊትም ቀንም አይጠፋም፤ ጉልበቱም ከመሬት ማግኔታዊ መስክ 30,000 ጊዜ ያህል ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ ኒውዮርክ ግዛት አንድ የ6 ዓመት ልጅ በምርመራ ላይ እያለ፣ ወደ ክፍሉ የገባ የኦክስጅን ሲሊንደር በማግኔቱ ተስቦ መትቶት ሞቷል። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ በዚያው ግዛት አንገቱ ላይ ከባድ ሰንሰለት ያደረገ ሰው በማሽኑ ተስቦ በማግስቱ ሕይወቱ አልፏል። ይህ ሰው ታካሚ አልነበረም። ሚስቱን ከአልጋው ሊያነሣ የገባ ነው። እኛ አገር ደግሞ ታካሚ ብቻውን አይመጣም፤ ልጅ፣ እኅት፣ ጎረቤት ይከተለዋል። ስለዚህ ማስረዳት ያለብን ለአስታማሚውም ጭምር ነው።

በተግባር ልምምድ ላይ ደጋግሜ ያየሁት አጠያየቅ «ብረት አለዎት ወይ?» የሚል ነው። ታካሚው ኪሱን ይዳብሳል፣ ቁልፉንና ሞባይሉን ያወጣል፣ «የለኝም» ይላል። አልዋሸም። እግሩ ውስጥ የቀረው የጥይት ፍንጣሪ ግን ትዝ አላለውም፤ ብንጠይቀው ኖሮ ይነግረን ነበር። ብዙ ጦርነት ያሳለፈ አገር ነው ያለን። እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2000 በነበረው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት፣ ከ2020 እስከ 2022 በሰሜኑ ጦርነት የቆሰሉ ሰዎች ተራ ይዘው ይቀመጣሉ። ፍንጣሪው ዓይን፣ የደም ሥር ወይም ኅብለ ሰረሰር አጠገብ ከሆነ ሊንቀሳቀስ ስለሚችል አስቀድሞ በራጅ ማየት ያስፈልጋል። ብየዳ ወይም ብረት መቁረጥ የሚሠራ ሰውም ዓይኑ ውስጥ ብናኝ ገብቶ እንደሆነ መጠየቅ አለበት።

ስለዚህ ጥያቄያችን ተዘርዝሮ መቅረብ አለበት። «ቆስለው ያውቃሉ? ቀዶ ጥገና ተደርጎልዎታል? ልብዎ ላይ የተገጠመ መሣሪያ አለ? ጭንቅላትዎ ውስጥ የደም ሥር የተያዘበት ክሊፕ አለ?» ሴቶችን ደግሞ እርግዝና መኖሩን እንጠይቅ። የአንገት መስቀል፣ የጆሮ ጌጥ፣ የፀጉር መርፌ መውለቅ አለበት። ማተቧን ማውለቅ የከበዳት እናት ካለች በቁጣ ሳይሆን ምክንያቱን ነግረን፣ አስታማሚዋ እንዲይዝላት አድርገን እንርዳት።

በሌላ በኩል «አለ» ማለት ሁልጊዜ «አይቻልም» ማለት አይደለም። ብዙዎቹ ለአጥንት የሚገቡ የታይታኒየም ብሎኖች ለምርመራው አያግዱም። አንዳንድ አዳዲስ ፔስሜከሮችም በተወሰነ ቅድመ ሁኔታ ይፈቀዳሉ። ዓይነቱን የሚገልጽ ካርድ ወይም የሕክምና ማስረጃ ይዞ መምጣት እንዳለበት ግን ለታካሚው ቀጠሮ ሲሰጠው ሊነገረው ይገባል። ከገጠር ድረስ ከመጣ በኋላ በር ላይ «ማስረጃ አምጣ» ማለት ግፍ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ፍርሃት ነው። ኤም.አር.አይ. እንደ ራጅና ሲቲ ስካን ያለ ጨረር እንደማይጠቀም ብዙ ታካሚ አያውቅም። ጩኸቱ ከ100 ዴሲቤል ሊያልፍ እንደሚችልና ለዚህም የጆሮ መከላከያ እንደሚሰጠው፣ ከ20 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ሳይንቀሳቀስ መተኛት እንዳለበት፣ ሲጨንቀው የሚጫነው ደወል በእጁ እንደሚይዝ አስቀድሞ ቢነገረው ግማሹ ጭንቀት ይቀለዋል። ጋዶሊኒየም የሚሰጠው ከሆነ ደግሞ የኩላሊት ሕመም ወይም ከዚህ በፊት በመድኃኒቱ የደረሰበት አለርጂ መኖሩን መናገር እንዳለበት ይወቅ።

«ወረፋው ረጅም ነው፣ ይህን ሁሉ ለማስረዳት ጊዜ የለንም» የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። ወረፋው እውነት ነው። ነገር ግን ደንግጦ የተንቀሳቀሰ ታካሚ ምስሉ ይደበዝዛል፣ ምርመራው ይደገማል። ፈርቶ የወጣው ደግሞ ቀጠሮውን ያጣል፣ ቦታውም ባዶ ይቀራል። አምስት ደቂቃ ማስረዳት ጊዜ ይቆጥባል እንጂ አያባክንም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ሳንጠይቀው የቀረ ሰው ግን ደበቀ አይባልም። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ቅጽ ላይ ማንበብ የማይችል ሰው ማስፈረምም መጠየቅ አይደለም፣ ፊርማ መሰብሰብ ነው።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ዲፓርትመንታችን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በሶማሊኛ አንድ ገጽ የጥያቄ ዝርዝር ያዘጋጅ። ቋንቋዎቹን የሚናገሩ ተማሪዎች በመካከላችን አሉ። መምህራን ያርሙት፣ የልምምድ ቦታዎቻችን ቀጠሮ ሲሰጡ ለታካሚው ያድሉት፤ ማንበብ ለማይችለው እኛው እናንብብለት። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ፈቃደኝነት ነው። በዚህ ሥራ ለመሳተፍ እኔ ዝግጁ ነኝ፤ እናንተስ?